ሁለቱ ባሕር ዛፎች

ዛሬም ድረስ ባሕር ዛፍ ሳይ ደሜ ይፈላል። ዛፉ ምን አደረገኝ? ምንም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ወጣት ሳለሁ በዓይኔ አይቻቸው የማላውቃቸውን ሁለት ባሕር ዛፎች በስንት ሰው ቦታ ላይ ተከልኳቸው፣ መልሼም ነቀልኳቸው፤ የመንቀያውንም ዋጋ ባለቦታዎቹን አስከፈልኳቸው። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በኮምፒውተር ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የመሐንዲስ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቢሮው ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። መሐንዲሱ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሱፍ የማይለየው፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ጫማ ነበር፤ ያየውና ይተማመናል። እኔን ግን ያ ጫማ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ቤት አሠራለሁ የሚል ሰው ክረምት ከበጋ ጭቃ ሳይነካው ከከረመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አልጠረጠርኩም። ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር፣ ሻይ በነፃ ነበር፣ በዚያ ላይ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው በሰፈራችን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያኔ ከገርጂ ወዲያ ያለው ሜዳ በካስማ እየተሸነሸነ ለሰው የሚታደልበት ጊዜ ነበር። ቦታ የተመራ ሰው የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት ፕላን ብቻ አይበቃውም፤ ቤቱ ስንት እንደሚፈጅ የሚያሳይ፣ መሐንዲስ የፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የዋጋ ግምት ማቅረብ ነበረበት። መሠረቱ ምን ያህል ይቆፈራል፣ ስንት መኪና አሸዋና ድንጋይ ይገባል፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ብሎኬት፣ ስንት ቆርቆሮ፤ ይህ ሁሉ በመስመር በመስመር ይዘረዘራል። ሰው ያንን ወረቀት አምኖ ነው ዕቁብ የሚገባው፣ ወርቁን የሚሸጠው፣ አረብ አገር ላለች እህቱ ደብዳቤ የሚጽፈው።

በእኛ ቢሮ ግምት የሚሠራው ግን እንዲህ ነበር። መሐንዲሱ አንድ ፍሎፒ ይሰጠኛል። ፍሎፒው ውስጥ ያለው ከዓመታት በፊት ኮተቤ ዳገት ላይ ለተሠራ አንድ ቪላ የተዘጋጀ ግምት ነው። እውነቱን ለመናገር እሱ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ቦታው ድረስ ተሂዶ፣ ተቆፍሮ፣ ተለክቶ የተሠራ ነው። ያ ዳገት ላይ ትንሽ ሲቆፍሩ አለት ይገኛል፤ ስለዚህ የመሠረቱ ጥልቀት ስልሳ ሳንቲም ብቻ ነው። «ስሙን ቀይሪ፤ የቦታውን ቁጥር ቀይሪ፤ ካሬውን አስተካክዪ» ይለኛል። እቀይራለሁ። የቀረው እንዳለ ይወጣል። ስልሳ ሳንቲሙም ይወጣል፤ በሦስተኛው መስመር ላይ ያለው «ሁለት ትልልቅ ባሕር ዛፎችን ከነሥራቸው ነቅሎ ማስወገድ» የሚለውም ይወጣል።

ማንም አላስተዋለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ማን ያስተውላል? ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነዋ! ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የሚያፈስበትን ወረቀት አንብቦ የሚረዳ ደንበኛ አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ማኅተሙን ያያሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይወጣሉ። እኔስ? እንግሊዝኛውን አውቃለሁ፤ ዛፎቹን በየሳምንቱ አይቻቸዋለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ሁለት ዛፍ የሌለበት ግቢ የት አለ ብዬ አልፌአቸዋለሁ።

እንግዲህ የአባቴ ተራ ደረሰ።

አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የዕቃ ጭነት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለእሱ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ኪሎ አለው። አራስ ጥየቃ ሄዶ ሕፃን ሲያቅፍ እንኳ «ሦስት ኪሎ ከሩብ» ይላል እንጂ ማንን እንደሚመስል አይናገርም። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በገባበት የቤት ማኅበር ስንት ዓመት ጠብቆ ቦታ ደረሰው። በተወሰነው ጊዜ ግንባታ ካልተጀመረበት ቦታው ይነጠቃል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እሱ፣ እኔና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንንከራተት የኖርን ነን። አባቴ ከሥራ ሲሰናበት የተሰጠችውን ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ለዚያ ቤት አስቀምጧታል። ሌላ ገንዘብ የለም። አንዴ ከሳተ ሳተ ነው።

ቢሮ ይዤው የመጣሁት እኔው ነኝ። ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። መሐንዲሱ «የልጃችን አባት ነዎት፤ ቅናሽ እናደርግልዎታለን» አለው። አባቴ አመሰገነና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ይሄ ቤት ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

መሐንዲሱ ከት ብሎ ሳቀ። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ቤት ነው፤ ሻንጣ አይደለም!»

አባቴ አልተቀየመም። «ሣጥን ትንሽ ሆኖ ከባድ ከሆነ የአውሮፕላኑን ወለል ይጎዳል። እኛ ከሥሩ ሳንቃ እናነጥፍለታለን፤ ክብደቱ እንዲበተን። መሬቱ ይችለዋል ወይ ለማለት ነው» ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ።

«እሱን ለእኛ ይተዉት» አለና መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ ፊት፣ በአባቴ፣ ከዚያ ጫማ ጋር አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል፤ እንደዚያች ሳቅ የሚያንገበግበኝ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነበር፤ የጠየቀውም ያልተማረው ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የአባቴን ግምት ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ይዤለት ገባሁ። ሌሎች ደንበኞች ድምሩን አይተው ይሄዱ ነበር አላልኩም? አባቴ ግን ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም። «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ በአማርኛ ንገሪኝ» አለኝ። መስመር በመስመር እየተረጎምኩ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ።

«የትኛው ዛፍ?» አለ።

«እ?»

«የትኛው ዛፍ? ቦታዬ ላይ እንኳን ዛፍ ቁጥቋጦም የለ።»

ያኔ ስለ ፍሎፒው ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

«ለመሆኑ ሰውየው ቦታውን አይቶታል?»

«አላየውም።»

«አንቺስ?»

«አላየሁም።»

«ነገ እሑድ ነው፤ እንሂድ።»

ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ሄደን ከመጨረሻው ማዞሪያ በእግራችን ገባን። ወሩ ጥር ነው፤ ሜዳው ጥቁር፣ ደረቅ፣ ራቁቱን። ካስማና ሲባጎ ብቻ። የማኅበሩ ዘበኛ ዱላውን ይዞ መጣና ሰላም አለን። የአባቴ እኩያ ገበሬ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ጤፍ ሲዘራ የኖረው እሱ ራሱ ነበር፤ መሬቱ ተወስዶበት አሁን የሰው ካስማ ይጠብቅበታል። ይህንንም ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ስጽፍ የቦታ ቁጥር ብቻ ነበር የሚታየኝ።

መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አባቴ ከዘራውን አንዱ ስንጥቅ ውስጥ አስገባ፤ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። አወጣውና በመዳፉ እየለካ ቆመ።

«ይሄ መረሬ ነው» አለ ዘበኛው። «ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እኛ እዚህ ጤፍ ነው የዘራን። ቤት አንሠራበትም። ቤታችን እዚያ ነበረ።» ራቅ ብሎ የሚታየውን ድንጋያማ ጉብታ በዱላው አሳየን። «ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ይመጣል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»

አባቴ ጠየቀው። ጥቁሩ አፈር ምን ያህል እንደሚወርድ ዘበኛው ጉድጓድ ሲቆፍር አይቶ ያውቅ ነበር፤ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አሳየን። ለማረጋገጥ አባቴ በሳምንቱ አንድ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጠንካራው ቢጫ መሬት የተገኘው ከሁለት ሜትር ተኩል በታች ነው። የእኔ ወረቀት ስልሳ ሳንቲም ይላል።

ከሜዳው በተመለስን ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወረቀቱን መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «የአባቴ ቦታ ላይ ዛፍ የለም» አልኩት።

«ውይ፣ እሷ መስመር ቀረች እንዴ? አጥፊያት።»

«መሠረቱስ? ቦታው መረሬ ነው።»

«ያን ግንበኛው ሲቆፍር ያየዋል። እኛ ግምት ነው የምንሰጠው፤ ግምት ግምት ነው።»

ሄጄ መስመሯን አጠፋሁ። ኮምፒውተሩ ድምሩን ቀነሰ። «ድምሩ ቀነሰ» አልኩት ከወንበሬ ሳልነሳ።

«የለም የለም፣ ድምሩን አትንኪው! ለሰውየው አንዴ ተነግሯል። ልዩነቷን ‹ልዩ ልዩ ወጪ› ብለሽ አስገቢያት።»

የሌለ ዛፍ ተነቀለ፤ ዋጋው ግን አልተነቀለም። ለገዛ አባቴ! ለማያውቀው ሰው ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር አስቡት። እኔስ ምን አደረግሁ? «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ ጻፍኩ። አትሜም ለማኅተም ሰጠሁት።

አባቴ ያንን ወረቀት ለፈቃድ አቀረበው፤ ያለ ማኅተም አይሆንማ። ለራሱ ግን አንድ ደብተር ገዛ። መገናኛ ካለ እህል መሸጫ ሚዛን ለምኖ ብሎኬት መዘነ። መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ ውኃ አጠጥቶ እርጥቡን፤ «ክረምት ይመጣል» ብሎ። አንድ ጀሪካን አሸዋ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ የብረት መስኮት መዘነ። የእህል ነጋዴዎቹ ሥራ ፈትተው ይስቁበት ነበር። መጨረሻ ላይ እኛን ልጆቹን በተራ ሚዛኑ ላይ አቆመን፤ የሚኖርበትም ሰው የቤቱ ጭነት ነው አለ። ሌሊት አይደለም፣ ምስጢርም አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየን ተመዘንን። ከዚያ በፊት ቢሆን አፍር ነበር።

ቤቱ ስንት ቶን እንደሆነ ሲያውቅ አንድ የድሮ ግንበኛ ፈልጎ፣ ደብተሩንና ጉድጓዱን አሳይቶ፣ ያንን ክብደት ጠንካራው መሬት ላይ ለማሳረፍ ምን እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ አሰሉ። መሠረቱ ብቻ የገንዘባችንን ግማሽ ዋጠው። የታቀደው አራት ክፍል ነበር። አባቴ እርሳሱን አንስቶ ሁለቱን ሰረዘ። ከተሰረዙት አንዱ የእኔ ክፍል ነበር። «መሬት የያዘ ሁለት ክፍል ይበቃናል» አለኝ፤ አልተከራከርኩትም።

የመሠረቱ ቁፋሮ እንደተጀመረ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠየቀኝ። «እዚያ ሜዳ ላይ ከኛ ሌላ በዚያ ፍሎፒ ግምት የወጣለት ስንት ሰው ነው?»

አይቼ ነበር። «ዘጠኝ።»

«ነግረሻቸዋል?»

«ብነግራቸው እባረራለኋ አባዬ! ማን ይቀጥረኛል? የልጆቹን ትምህርት ቤትስ?»

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ቤቱ የሚበላው በእኔ ደመወዝ ነበር። አባቴ በማግሥቱ ከዘራውን ይዞ እሱ ራሱ ወጣ። ከቦታ ቦታ እየዞረ ባለቤቶቹን «ቆፍራችሁ እዩ፤ ስልሳ ሳንቲም አይበቃም» ሲል ሰነበተ። ሁለቱ ሰሙት። የቀሩት መሳቂያ አደረጉት፤ «ሽማግሌው ሚዛን» የሚል ስም አወጡለት። ማኅተም ያለበት ወረቀትና ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ቢጣሉ በዚህ አገር ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ። ካልሰሙት አንዱ አጥራችን የሚገናኝ ጎረቤታችን ነበር። ከወሎ የመጣ፣ መገናኛ ልብስ የሚነግድ፣ ሰው አክባሪ ሰው። እሱ ጋ አባቴ ሦስት ጊዜ ሄዷል። ምን ብሎ እንደነገረው አልጠየቅሁትም። አለመጠየቅ ይቀለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መረሬ ላይ ቤት አልሠራም። እኔ ግን ዝም አልኩ። ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ያንን ፍሎፒ ጻፍኩ። የዛፎቹን መስመር ለሌሎቹ እንኳ አላጠፋሁም፤ ማንም ያዘዘኝ አልነበረምና።

ሁለት ክረምት አለፈ። የእኛ ሁለት ክፍል ቁጭ እንዳለች ናት። የጎረቤታችን ቤት አራት ክፍል፣ ሰፊ ሳሎን፣ ውጭው ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ የሜዳው ጌጥ ነበር። በዚያ ዓመት ኢድ በበጋ ዋለ። ጎረቤታችን ጠራን፤ አባቴም እግሩን አሞት ስለነበር «አንቺ ደርሰሽላቸው ነይ» ብሎ ላከኝ። ለልጆቹ ብስኩት ይዤ ገባሁ። ባለቤቱ ምግብ አቀረበችልኝ፣ ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን አሳዩኝ። በልቼ ስጨርስ ሰውየው ከግድግዳው ላይ የመካ ሥዕል ያለበትን ካላንደር አንስቶ «እስቲ ነይ እዪ» አለኝ።

ካላንደሩ በሸፈነው ቦታ ግድግዳው ተሰንጥቋል። እጁን ሰደደበት፤ አራት ጣቱ ገባ።

«ክረምት ሲሆን ይገጥማል፤ በሩ ግን አይዘጋም። በጋ ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ ይሄ ይከፈታል። ልጆቹን እዚህ ክፍል ማስተኛት ትቻለሁ። የስምንት ዓመት ንግዴ ነው እዚህ ውስጥ ያለው፤ አልሃምዱሊላህ ነው እንግዲህ። ግንበኛውን ግን አለቀውም፤ በዚህ ሳምንት ፍርድ ቤት እገትረዋለሁ።»

ቁም ሣጥኑን ከፍቶ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። አወቅሁት፤ ሰውየው ግን ወረቀቱን በደላላ ስላስወጣ እኔን ቢሮ አይቶኝ አያውቅም። ከቦታው ካርታ ጋር ነበር ያስቀመጠው።

«ወረቀቱማ ምን ይወጣለታል! የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ፤ መስመሩ እንዴት ቀጥ ያለ ነው! ስርዝ ድልዝ የለበት። ያጠፋው ግንበኛው ነው። አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ፤ እስቲ አንብቢልኝ። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም፤ ዳኛ ፊት ስቀርብ እንዳላፍር።»

ግንበኛው ምን አጠፋ? የተጻፈለትን ስልሳ ሳንቲም ቆፈረ። ወረቀቱን ተቀበልኩትና እየተረጎምኩ አነበብኩ። የመጀመሪያውን መስመር፣ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን መዝለል እችል ነበር። አልዘለልኩትም።

«የትኛው ዛፍ?» አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ በጠየቀኝ ድምፅ ነበር የጠየቀኝ። በዚህኛው ጊዜ «እ?» አላልኩም። «ዛፍ የለም። ግንበኛውን አይክሰሱት። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። የኮተቤውን ቤት፣ ፍሎፒውን፣ ሃያ ደቂቃውን ሁሉ ነገርኩት። ከጨረስኩ በኋላ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በቀስታ አጠፈው። 

«አባትሽ ሦስት ጊዜ መጡ» አለ። «‹ቆፍረህ እይ› አሉኝ። ‹እንዴት አወቁ? ማን ነገረዎት?› አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ ‹ብቻ ቆፍረህ እይ› ይሉኛል። ወላሂ፣ ምቀኛ መስለውኝ በሦስተኛው ቀን ግቡ እንኳ ሳልላቸው መለስኳቸው።»

ካላንደሩን ቦታው ላይ ሰቀለ።

«ለካ አንቺን ኖሯል የሚሸሽጉት።»